አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፦ ሰውን ወድዶ ወንጌልን ያስተማረ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።



ታላላቅ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ለሐዋርያዊ ጉዞ ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሲሄዱ አይታችሁ ይሆናል። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከበሮውን በአውቶቡስ ጭነው፣ እየዘመሩ ይሄዳሉ። ከደረሱበት ቦታ ያስተምራሉ፤ ይዘምራሉ፤ ከዚያም ይመለሳሉ። ለመሆኑ የሐዋርያዊ ጉዞ ዋናው ነገር ምን ይመስላችኋል? መዝሙሩ ነውን? ስብከቱ ነውን? ወይስ ከእነዚህ በፊት መቅደም ያለበት ሌላ ነገር አለ? የዚህን ጥያቄ መልስ ከአንድ ታላቅ አባት ሕይወት እንማራለን። እርሳቸውም የሀገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ናቸው።

የስማቸው ትርጉም

የእኒህ አባት የልጅነት ስማቸው ፍሬምናጦስ ነው። አባ ሰላማ የተባሉት በኋላ ነው። ሰላማ የሚለው ስም ሰላም ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ከሣቴ ብርሃን ማለት ደግሞ ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን ስም ያወጣላቸው የወንጌልን ብርሃን ስለ ገለጡለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ መተርጕም የሚባሉ ሌላ ጳጳስ ነበሩ። እርሳቸው ብዙ መጻሕፍትን በማስተርጎም ይታወቃሉ። ሁለቱን አባቶች እንዳታደባልቋቸው። በዚህ ትምህርት የምናነሣው የመጀመሪያውን አባ ሰላማን ነው። ታሪካቸውን ስንናገር እስኪሾሙ ድረስ ፍሬምናጦስ፣ ከተሾሙ በኋላ ደግሞ አባ ሰላማ እንላቸዋለን።

የባሕር ጉዞና ታላቅ ኀዘን

ጢሮስ የምትባለውን ከተማ ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ሰምታችኋል። ዛሬ በሊባኖስ አገር በባሕር ዳር የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ከ1700 ዓመታት ገደማ በፊት በዚህች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበር። ፈላስፋ ማለት ጥበብንና ዕውቀትን የሚመረምር ሰው ማለት ነው። ሜሮጵዮስ ሩቅ አገር አይቶ ለመማር ፈለገና በመርከብ ተነሣ። ሁለት ልጆችንም ይዞ ሄደ። አንዱ ፍሬምናጦስ፣ ሁለተኛው ኤዴስዮስ ይባሉ ነበር። ኤዴስዮስ በእኛ አገር ታሪክ ሲድራኮስ ተብሎም ይጠራል። ሜሮጵዮስ ዘመዳቸውም መምህራቸውም ነበር።

ጉዞአቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ውኃና ስንቅ አለቀባቸው። ስለዚህ መርከቧ በቀይ ባሕር ዳርቻ ወደሚገኝ ወደብ ተጠጋች። በዚያ ወራት ግን የዚያ አካባቢ ሰዎች ከሮም መንግሥት ጋር የነበራቸው የሰላም ውል ፈርሶ ነበር። ውሉ በፈረሰ ጊዜ ከሮም ግዛት የመጣውን ሁሉ እንደ ጠላት ያዩት ነበር። መርከቧን ከበቡ። ሜሮጵዮስንና አብረውት የነበሩትን ሁሉ ገደሏቸው።

ሁለቱ ልጆችስ? እነርሱ በዚያ ሰዓት ከመርከቧ ወርደው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። የአገሩ ሰዎች በዚያ አገኟቸው። ልጆች መሆናቸውን አይተው አዘኑላቸውና ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

እስቲ ልጆች፣ ለጥቂት ጊዜ አስቡት። ከአባትና ከእናት ርቆ፣ መምህርን በአንድ ቀን አጥቶ፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር ምርኮኛ መሆን ምን ያህል ከባድ ነው! በእነርሱ ቦታ ብትሆኑ ኖሮ ያን ሕዝብ ትወዱት ነበርን? ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙት። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በንጉሡ ቤት

ልጆቹ የተወሰዱት ወደ አክሱም ንጉሥ ነው። አክሱም በዚያን ዘመን ታላቅ መንግሥት ነበረች። ነጋዴዎችዋ ከአዱሊስ ወደብ እየተነሡ የዝሆን ጥርስና ሌላም ዕቃ ወደ ሩቅ አገር ያሻግሩ ነበር። የራስዋን ገንዘብም በወርቅ፣ በብርና በናስ ታሠራ ነበር።

ንጉሡ ሁለቱን ልጆች በጠባያቸው ወደዳቸው። ኤዴስዮስን በማዕዱ ላይ መጠጥ የሚያቀርብ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስ ደግሞ አስተዋይና ብልህ መሆኑን ስላየ የገንዘቡና የጽሕፈቱ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። የንጉሥ አሳላፊ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ንጉሥ መጠጡን ከማያምነው ሰው እጅ አይቀበልምና። የመንግሥትን ገንዘብና ደብዳቤ መያዝማ ከዚያ የበለጠ መታመንን ይጠይቃል።

ተመልከቱ ልጆች! እነዚህ ሁለት ልጆች በዚያ ጊዜ ስብከት አልጀመሩም። ካህናት አልነበሩም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልነበራቸውም። የነበራቸው ሥራቸው ብቻ ነው። ሥራቸውን በታማኝነት ሠሩ። ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። ሰዎች ዕለት ዕለት ያዩአቸው ነበር፤ እየዋሉ እያደሩም አመኑአቸው።

የንግሥቲቱ ልመና

ከዘመናት በኋላ ንጉሡ ታመመና ዐረፈ። ከማረፉ በፊት ግን ሁለቱን ወንድሞች ነጻ አወጣቸው፤ ወደፈለጉት እንዲሄዱም ፈቀደላቸው። ያን ጊዜ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ አድገው ጐልማሶች ሆነዋል። አገራቸው ጢሮስ ትጠብቃቸዋለች። ዘመዶቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ለማወቅ ምን ያህል ጓጕተው ይሆን!

ነገር ግን የንጉሡ ልጅ ገና ሕፃን ነበር። ንግሥቲቱ ልጅዋ አድጎ መንግሥቱን እስኪረከብ ድረስ አብረዋት ሆነው እንዲረዷት ለመነቻቸው። በመንግሥቱ ሁሉ ከእነርሱ የበለጠ የምታምነው ሰው አልነበራትም። ይልቁንም የፍሬምናጦስን ምክር ትፈልግ ነበር።

እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ። መብታቸው መሄድ ሆኖ ሳለ ለአንዲት እናትና ለአንድ ሕፃን ብለው ቀሩ። በመጀመሪያ ወደዚህ አገር የመጡት ተገደው ነበር። አሁን ግን የቆዩት ወድደው ነው። ወዳጅነት ማለት ይህ ነው፤ ሳይገደዱ ከሰው ጋር መቆየት።

በገበያ መካከል የተገኙ ክርስቲያኖች

ፍሬምናጦስ በመንግሥቱ አስተዳደር ላይ ሳለ እግዚአብሔር በልቡ አንድ አሳብ አሳደረበት። ለንግድ ከሮም ግዛት ወደ አክሱም ከሚመጡት ሰዎች መካከል ክርስቲያኖች እንዳሉ መጠየቅና መፈለግ ጀመረ። ባገኛቸውም ጊዜ አከበራቸው። በየቦታው የጸሎት ቤት እንዲሠሩ አበረታታቸው። ለቤተ ጸሎት የሚሆን ቦታ ሰጣቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሁሉ አዘጋጀላቸው።

እነዚህ ነጋዴዎች ከሩቅ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ቀን ቀን ይነግዳሉ፤ የሚጸልዩበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። ፍሬምናጦስ ራሱ እንግዳ ሆኖ ስለኖረ የእንግዳን ብቸኝነት ያውቅ ነበር። ተበታትነው የነበሩትን ሰብስቦ አንድ ማኅበር አደረጋቸው። ከዚያም የአገሩ ሰዎች እየመጡ የክርስትናን ነገር መስማት ጀመሩ። እንዲህ እያለ የሃይማኖት ዘር በሀገራችን መሬት ላይ እየተዘራ ሄደ።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ታስታውሳላችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ተጽፏል። እርሱ በዲያቆኑ በፊልጶስ እጅ ተጠምቆ ደስ ብሎት ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ስለዚህ የክርስቶስ ስም በሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ያልነበረው ጳጳስ ነው። ጳጳስ ከሌለ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም፤ ቄስ ከሌለ ደግሞ የሚያቈርብ አይገኝም።

ሁለት መንገዶች

የንጉሡ ልጅ አደገና ዙፋኑን ተረከበ። ሁለቱ ወንድሞች በአደራ የያዙትን ሁሉ በታማኝነት አስረከቡ። ንግሥቲቱና ልጅዋ እንዳይለዩአቸው አጥብቀው ለመኑአቸው። እነርሱ ግን ሥራቸውን ስለፈጸሙ ተሰናብተው ሄዱ።

ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጠነ። በዚያም በኋላ ቅስና ተቀበለ። ይህን ታሪክ ከእርሱ አፍ ሰምቶ የጻፈ ሩፊኖስ የሚባል ጸሐፊ ነው። እርሱም በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በጻፈ ጊዜ በመጽሐፉ ውስጥ አስገባው። የኤዴስዮስ ምርጫ ክፉ ምርጫ አልነበረም። ወላጅን መናፈቅ መልካም ነውና።

ፍሬምናጦስ ግን ወደ ጢሮስ አልሄደም። ወደ ግብፅ፣ ወደ እስክንድርያ ሄደ። የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ ዝም ማለት አልሆነለትም። በአክሱም የተዋቸው ሰዎች እረኛ እንደሌላቸው በጎች ሆነው ታዩት።

በእስክንድርያ መንበር ላይ የነበረው ታላቁ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ328 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኖ የተሾመ የእስክንድርያ 20ኛ ሊቀ ጳጳሳት ነው። ፍሬምናጦስ ያየውን ሁሉ ነገረው። ክርስቲያኖች መብዛታቸውን፣ የጸሎት ቤቶች መሠራታቸውን አስረዳ። ለእነዚህ ሰዎች ጳጳስ እንዲልክላቸውም ለመነ።

ልጆች፣ አስተውሉ። ፍሬምናጦስ ለራሱ ሹመት አልለመነም። ሌላ ሰው እንዲላክላቸው ነው የለመነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ጳጳሳቱን ሰብስቦ ነገሩን ከመረመረ በኋላ ለዚህ ሥራ ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ተረዳ። ለምን ይመስላችኋል? በእስክንድርያ ብዙ የተማሩ መምህራን ነበሩ። የአክሱምን ሰዎች በቅርብ የሚያውቅ ግን እርሱ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ ወዳጆች ነበሩት። ስለዚህ ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾመና ወደመጣበት አገር መልሶ ላከው።

አባ ሰላማ ተመለሱ

አሁን ቅድም በልባችሁ ወደያዛችሁት ጥያቄ እንመለስ። መምህሩንና የጉዞ ባልንጀሮቹን በዚያ ባሕር ዳርቻ ያጣ ሰው፣ ወደዚያ አገር ለመመለስ ምን ልብ ይኖረዋል? በቀል የያዘ ሰው ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር። አባ ሰላማ ግን ሰይፍ ሳይሆን መስቀል ይዘው፣ ቂም ሳይሆን ይቅርታ ይዘው ተመለሱ። ሰላማ የሚለው ስም እውነትም ይገባቸዋል።

ሲመለሱ እንደ እንግዳ አልተቀበሏቸውም። በሕፃንነቱ የሚያውቁት ልጅ አሁን ንጉሥ ሆኗል። በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ በዘመኑ የነበሩት ወንድማማች ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ ይባላሉ። በድንጋይ ላይ በተቀረጹት ጽሑፎች ደግሞ ኢዛናና ሳይዛና የሚሉ ስሞች ይገኛሉ። ነገሥታቱ አመኑ፤ ተጠመቁም። አባ ሰላማም ሕዝቡን አስተማሩ፤ አጠመቁ፤ ካህናትንና ዲያቆናትን ሾሙ። አብያተ ክርስቲያናትም ተሠሩ።

የዚህ ለውጥ ምስክር እስከ ዛሬ አለ። ከንጉሥ ኢዛና ገንዘቦች መካከል የቀደሙት የጨረቃ ምልክት ነበረባቸው። በኋላ የወጡት ላይ ግን መስቀል ይታያል። በገንዘባቸው ላይ መስቀልን ካኖሩት የዓለም ነገሥታት መካከል ኢዛና ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በአክሱም በሚገኙት የድንጋይ ጽሑፎችም ንጉሡ ቀድሞ ማሕረም የሚባለውን ጣዖት ሲጠራ፣ በኋላ ግን የሰማይን ጌታ ሲያመሰግን እናነባለን። አንደኛው በጽርእ ቋንቋ የተጻፈ ድንጋይ የአብን፣ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም ይጠራል።

በዚያው ዘመን የግዕዝ ፊደላችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ድምፁ ተለይቶ መጻፍ ጀመረ። በዚህ ሥራ የአባ ሰላማ እጅ አለበት የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ዛሬ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያላችሁ ስትቈጥሩ ያን ዘመን አስታውሱ።

የቄሣሩ ደብዳቤ

መልካም ሥራ ያለ ፈተና አይሄድም። በሮም የነገሠው የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ የአርዮስን ወገኖች ይደግፍ ነበር። አርዮስ ማለት ወልድን ፍጡር ነው ብሎ ያስተማረ መናፍቅ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ይህን ክሕደት ስለተቃወመ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ንጉሡ ቅዱስ አትናቴዎስን አሳደደው፤ በቦታውም ጊዮርጊስ የሚባል አርዮሳዊ ተተካ።

በዚያን ጊዜ ገደማ ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ እንዲልኩትና በአዲሱ ሰው እንዲመረመር ጠየቀ። ይህን ደብዳቤ ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስላኖረው እስከ ዛሬ ይነበባል።

ላኪው በዘመኑ እጅግ ኃያል ንጉሥ ነበር። ደብዳቤውም በአክብሮትና በወንድምነት ቃል የተሞላ ነበር። ነገር ግን የቃል ወንድምነት አንድ ነገር ነው፤ አብሮ በመኖር የተገኘ ወንድምነት ሌላ ነገር ነው። ሀገራችን በቅዱስ አትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች፤ የአርዮስንም ትምህርት አልተቀበለችም። እስከ ዛሬም ቤተ ክርስቲያናችን በዚሁ እምነት አለች።

ዕረፍታቸው

አባ ሰላማ መንጋቸውን በትጋት ሲጠብቁ ኖረው በሰላም ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 26 ቀን መታሰቢያቸውን ታከብራለች። ከእርሳቸው ጀምሮ ለ1600 ዓመታት ያህል ጳጳሳት ከእስክንድርያ እየተሾሙ ይመጡልን ነበር። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

1ኛ. ከቃል አስቀድሞ ፍቅር። አባ ሰላማ ጳጳስ ሆነው ከማስተማራቸው በፊት ብዙ ዓመታት ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። ሕዝቡ ትምህርታቸውን የሰማው አስቀድሞ እርሳቸውን ስላመነ ነው። እናንተም አድጋችሁ ለሐዋርያዊ ጉዞ ስትወጡ ይህን አስታውሱ። በሄዳችሁበት ቦታ የሰዎቹን ስም ጠይቁ። ማዕዳቸውን አትናቁ። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ አድምጡ። ዘምሮ ብቻ የሚመለስ እንግዳ ይረሳል፤ ወዳጅ ሆኖ የሚመለስ ግን አይረሳም።

2ኛ. በትንሽ ሥራ መታመን። መጠጥ ማቅረብና ሒሳብ መያዝ ስብከት አይመስልም። ነገር ግን የስብከቱን መንገድ የጠረገው ይህ ነው። እናንተም እናታችሁ የላከቻችሁን ዕቃ ገዝታችሁ መልሱን ሳታጐድሉ ስትሰጡ፣ የተዋሳችሁትን ደብተር በጊዜው ስትመልሱ፣ ሰዎች የክርስቲያን ልጅ መሆናችሁን ያያሉ።

3ኛ. እንግዳን መፈለግ። በክፍላችሁ አዲስ የመጣ ልጅ አለን? ቋንቋችሁን በደንብ የማይናገር፣ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን የሚቆም አለን? ፍሬምናጦስ በገበያ መካከል እንግዶቹን ፈልጎ እንዳገኛቸው እናንተም ፈልጋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት።

4ኛ. ይቅር ማለት። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። የበደላችሁን ልጅ ሰላም ማለት እንኳ ያስቸግራል። አባ ሰላማ ግን ታላቅ ኀዘን ወዳዩበት አገር አባት ሆነው ተመለሱ። እኛ ዛሬ ክርስቲያኖች የሆንነው እርሳቸው ይቅር ስላሉም ጭምር ነው።

ጥያቄዎች

1. ከሣቴ ብርሃን ማለት ምን ማለት ነው?
2. ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ መርከባቸው በተያዘች ጊዜ የት ነበሩ? ምንስ ያደርጉ ነበር?
3. ንጉሡ ለሁለቱ ልጆች ምን ምን ሥራ ሰጣቸው?
4. ፍሬምናጦስ ወደ ጢሮስ ሳይሆን ወደ እስክንድርያ ለምን ሄደ?
5. ቅዱስ አትናቴዎስ ሌላ መምህር ሳይልክ ፍሬምናጦስን ለምን የመረጠ ይመስላችኋል?
6. በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ የታየው ለውጥ ምንድን ነው?

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት ከዚህ በፊት ያላናገራችሁትን አንድ ልጅ ቀርባችሁ ተዋወቁ። ስሙን፣ ሰፈሩንና የሚወደውን ነገር ጠይቁት። በሚቀጥለው እሑድ ስትመጡ ስለ አዲሱ ወዳጃችሁ ለክፍሉ ትናገራላችሁ።

የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።